ለእሳት የተቀመጠ ውሃ

አንድ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ነበረ። ቤቱ ሲቃጠል በራፉ ላይ የነበረው ጋን ባዶ ነበረ፤ በዚያ አገር ደግሞ ጋኑ ባዶ ሆኖ ለተገኘ ሰው ቤት አይሠራለትም።

እትዬ አልጋነሽ፣ ጥያቄዎን አልረሳሁትም። ክልሉ ያወጣውን አዲስ ደንብ አንብቤ እያስረዳሁዎ ነበረ። «ቤቱን መድን ያስገባ ሰው ከሚከፍለው ላይ ጥቂቱ ተቀንሶ ለመጠጥ ውሃ ሥራ ይውላል» የሚለው ላይ ስደርስ እጅዎን አነሡና፣ «ቆይ አንተ ልጅ፣ ለቤቴ ቃጠሎ ብዬ የማዋጣው ለማላውቀው ሰው ጉሮሮ የሚሄደው በየት አገር ሕግ ነው?» አሉኝ። አንቀጹን ደግሜ ባነብልዎት አይጠቅምም። ምን እንደሚል ገብቶዎታል። የጠየቁኝ ለምን እንደሚል ነው፤ እሱን ደግሞ አንቀጽ አይመልሰውም። ስለዚህ ስለዚያ ሰው ልንገርዎት።

አገሩ ደጋ ነው፤ ቀርከሃ የሚበቅልበት። የቤቱ ሁሉ ግድግዳ ቀርከሃ፣ ክዳኑ ሣር ነው። እንዲህ ያለ ቤት ቶሎ ይቆማል፤ ቶሎም ይነዳል። ስለዚህ ሰዎቹ ከአባቶቻቸው ጀምሮ የእሳት እድር ነበራቸው። የኛ እድር ለቀብር እንደሆነው የእነሱ ለቃጠሎ ነበረ። እያንዳንዱ አባወራ በየዓመቱ አንድ ሸክም ደረቅ ቀርከሃና አንድ ሸክም ሣር ወደ እድሩ መጋዘን ያስገባል። የአንዱ ቤት ሲቃጠል መጋዘኑ ይከፈታል፣ ሰዉ ይወጣል፣ ቤቱ ይቆማል። ደረቅ ማለቴ በምክንያት ነው። ቀርከሃ በክረምት ከተቆረጠ ነቀዝ ይጨርሰዋል። በበጋ ተቆርጦ ጥላ ውስጥ የደረቀው ነው ቤት የሚሆነው። እንግዲህ ክረምት ሲገባ መጋዘኑ ባዶ ከሆነ፣ ሀብታምም ቢሆኑ ቤት የሚሠሩበት ነገር የለም ማለት ነው።

አንድ በጋ ላይ ቃጠሎ በዛ። የአንዱ ቤት ክዳን ሳያልቅ የሌላው ይነዳል። መጋዘኑ ተራቆተ። የእድሩ ዳኛ ታች ሰፈር የሚኖር፣ ቃሉ የሚሰማ ሽማግሌ ነበረ። ሰዉን ሰበሰበና አዲስ ደንብ አወጣ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ «እያንዳንዱ ቤት በራፉ ላይ አንድ ጋን ሙሉ ውሃ ያስቀምጥ። እሳት ከተነሣ በኋላ ውሃ ፍለጋ መሮጥ ይቅር። ቤቱ ሲቃጠል ጋኑ ሙሉ ሆኖ ያልተገኘ ሰው ከእድሩ ቤት አይሠራለትም።»

ሰዉም «ይሁን» አለ። ጋን የሚቆጣጠር ሰው ተመረጠ፤ የጋን ሹም አሉት። ሹሙ ዘንግ ይዞ ከቤት ቤት ይዞራል። ጋኑ መሙላቱን ያይና አፉን በእበትና በአመድ ለስኖ በአውራ ጣቱ ያትምበታል። ማኅተሙ ደህና ከሆነ ጋኑ ደህና ነው፤ ማኅተሙ ከተሰበረ ባለቤቱ ይጠየቃል።

ደንቡ መጥፎ አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። በዚያው ዓመት ታች ሰፈር ሁለት ጊዜ እሳት ተነሥቶ ሁለቱም በጋን ውሃ ጠፋ። ታች ሰፈር ወንዙ አጠገቡ ነው። ጋን መሙላት ለነሱ የልጆች ጨዋታ ነበረ።

ላይ ሰፈር ግን ሌላ ነው። ምንጭ አለው፤ ምንጩ ከፊት ለፊት ይታያል፤ ነፋሱ ጸጥ ሲል ሲፈስም ይሰማል። ነገር ግን ከፈፋ ማዶ ነው፤ ፈፋው ደግሞ ገደል ነው። ሴቶቹ እንስራ አዝለው ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ገደሉን ይዞራሉ፣ ዳገቱን ይወጣሉ፣ ከዚያ ይቀዳሉ። ጠዋት የወጣች ሴት የምትመለሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። አንድ ጋን ብዙ እንስራ ይውጣል። ሸክላ ስለሆነ ደግሞ ያልበዋል፤ ሲጎድል ሹሙ ያስከፍተውና እንደገና ይሞላል። ታዲያ ጋኑ ከጠገበ በኋላ ለሰዉ ምን ይተርፋል?

ከሰፈሩ ዳር ከብት የሚጠጣበት ኩሬ አለ። የምንጩን ለጋኑ፣ የኩሬውን ለሰዉ አደረጉት።

አይሳቁ፣ እትዬ። «የኩሬውን ለምን ጋኑ ውስጥ አይጨምሩትም ነበር፣ እሳት እንደሆነ ጭቃ አይንቅ» ሊሉኝ ነው። ጨምረው ነበረ። ውሃው ሲረጋ ጭቃው ወደ ታች ወረደ፤ ሹሙ ዘንጉን ቢሰድ ከግማሽ በታች ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። «ይህ ጋን ጭቃ ነው እንጂ ውሃ አልሞላም» ብሎ አላትምም አለ። እሱም እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም ከሹሙ ጋር መከራከር አልፈለገም። ጥሩው ውሃ ለጋን፣ መጥፎው ለሆድ ሆነ፤ ሰዉም ለመደው።

መልመድ ደግሞ ክፉ ነገር ነው። ጥቂት ቆይቶ ጋኑ መኩሪያ ሆነ። «የኔ ጋን ማኅተሙ ከተመታ ወዲህ አልተነካም» ይባባላሉ። ልጅ ለትዳር ሊጠይቁ የሚመጡ ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚያዩት በራፉ ላይ ያለውን ጋን ነው። እንግዳ ሲመጣ ጋኑን አሳይተው፣ አሞግሰው፣ ከዚያ ከኩሬው የተቀዳውን በቅል ያቀርቡለታል። ሆዳቸውን የሚያማቸው ልጆች በዙ። «የዘንድሮ አየር ነው» አሉ። ከታች ሰፈር እንግዳ ብዙም አይወጣም፤ ዳገቱ ይከብዳል። ስለዚህ ዳኛው ይህን አያውቅም ነበረ። ሹሙ የሚያወራለት «ላይ ሰፈር ጋኑ ሁሉ ሙሉ ነው» ብሎ ነው። ዳኛውም ደስ ይለዋል።

ያ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ከላይ ሰፈር ነበረ። ገበሬ ነው፤ ሚስትና አንዲት ልጅ አሉት። ልጅቱ ታመመች። የበላችው አይረጋ፣ የጠጣችው አይረጋ፤ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ። መድኃኒት የምታውቅ አንዲት አሮጊት መጥታ አየቻት።

«ቅጠል የለሽም ወይ እንዳትለኝ» አለችው፣ «አለኝ። ግን ቅጠሌ ለዚህ አይሆንም። ንጹሕ ውሃ አፍልተህ ትንሽ ትንሽ አድርገህ ስጣት። አሁን ጀምር። የኩሬውን ብትሰጣት ግን እኔን ዳግመኛ አትጥራኝ።»

ሚስቱ ጠዋት ወደ ምንጩ ወርዳለች፤ የምትመለሰው እኩለ ቀን ላይ ነው። ልጅቱ እስከዚያ የምትቆይ አልመሰለውም። ሰውዬው ወጣና ጋኑ ፊት ቆመ። ከዚያ ልስኑን በጥፍሩ ይፈለፍል ጀመር።

ጎረቤቱ በአጥር ላይ አየችው።

«ኧረ አንተ፣ ማኅተሙን እኮ ነው የምትነቅለው።»

«አውቃለሁ።»

«ቤትህን ነው የምታፈርሰው።»

«እንግዲያው ልጅቷን ላምጣልሽና አንቺ ከኩሬው አጠጫት።»

ሴትዮዋ «እኔ ምንም አላየሁም» ብላ ገባች። ጥቂት ቆይታ ግን ተመልሳ መጣችና ማንቆርቆሪያ በአጥሩ ላይ አቀበለችው።

ልጅቱ ዳነች። ቀስ ብላ ነው የዳነችው፤ እስክትጠነክር ድረስ የጋኑም ውሃ፣ እናቷ በየቀኑ የምታመጣውም እንስራ ለሷ ሆነ። ለመጠጧ፣ ልብሷን ለማጠብ፣ ምግቧን ለማብሰል። አባትዋ «ነገ እሞላዋለሁ» እያለ ጋኑ ወለሉ ታየ።

ከዚያ አንድ ሰው ከታች ያለውን የማሳውን ምንጣሮ አቃጠለ። ነፋስ ተነሣ። ፍንጣሪው ዳገቱን ወጥቶ የሰውዬው ክዳን ላይ አረፈ። ቀን ስለነበረ ልጃቸውንና ቁርበታቸውን ይዘው ወጡ። ጎረቤት በያለበት የራሱን ክዳን ሊያረጥብ ሮጠ። የሰውዬው ቤት ግን ግድግዳው ሳይቀር አመድ ሆነ።

ሹሙ መጣ። ጋኑ በራፍ በሌለው በራፍ ላይ ብቻውን ቆሟል። በዘንጉ መታው፤ ጋኑ እንደ ከበሮ ጮኸ።

እድሩ ላይ ሰፈር ባለው መጋዘን ደጃፍ ተሰበሰበ። ላይ ሰፈርም ታች ሰፈርም መጣ። ክረምት ሊገባ ነው፤ ደመናው ከጋራው ጫፍ ላይ መዋል ጀምሯል። ዛሬ «ይሠራለት» ካልተባለ ይህ ሰው ገና ከሕመሟ ካገገመች ልጁ ጋር ዝናቡን ሜዳ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ይህን ሁሉም ያውቃል።

ዳኛው ጠየቀው። «ማኅተሙን ማን ሰበረው?»

«እኔ።»

«ውሃው የት ገባ?»

«ልጄ ጠጣችው።»

ከታች ሰፈር አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ «እኛም ልጅ አለን። እኛ ልጆቻችንን ጋን አናጠጣም» አለ።

«አንተማ ወንዙ ጓሮህ ነው» አለ አንድ የላይ ሰፈር ሰው። «አንተ ቤት እንቁራሪቱ ገብቶ ራት ይጠይቃል ይባላል።»

ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። ሹሙ ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ «እኔ ይህን ሰው አልጠላውም። ግን ዛሬ ለሱ ከተሠራ ነገ ጋን የሚሞላ አይገኝም። ጋን ካልሞላ እሳት ይበዛል። እሳት ከበዛ መጋዘኑ አይበቃም። መጋዘኑ ካልበቃ የማንም ቤት አይሠራም። ለአንዱ አዝነን ሁላችንን ሜዳ ላይ እንዳንጥል።»

እትዬ፣ ይህ ሰው ክፉ አልነበረም። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። እውነት ባይሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበረ።

ዳኛው እንደገና ወደ ሰውዬው ዞረ። ሊያድነው ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ ቀዳዳ ከፈተለት። «በዛሬው ይቅር ብንልህና ቤት ቢሠራልህ፣ ሌላ ጊዜ ልጅህ ብትታመም ጋኑን ትከፍታለህ?»

«አልከፍትም» ቢል ያልቅ ነበረ። ሚስቱ የጋቢውን ጫፍ ሳብ አደረገችው። እሱ ግን፣ «እከፍታለሁ» አለ። «ዋሽቼ ቤት አልገባም። እከፍታለሁ።»

ሰዉ አጉረመረመ። እንዲያ ብሎ ለተናገረ ሰው ቤት ቢሠራለት ደንቡ ይፈርሳል፤ ባይሠራለት ደግሞ አንድ አባት ልጁን ስላጠጣ ተፈረደበት ሊባል ነው። ፀሐዩ ከርሮ ነበረ፤ ዳኛው ደግሞ ዳገቱን በእግሩ ነው የወጣው።

«እስኪ መጀመሪያ ውሃ አጠጡኝ» አለ።

በቅርብ ካለው ቤት አንዲት ሴት በቅል አመጣችለት። ዳኛው ወደ ቅሉ ውስጥ አየ። ውሃው ቀይ ነው፤ ከላዩ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር ትዋኛለች።

«ምነው ልጄ፣ ጋንሽ አልሞላም እንዴ?»

«ሞልቷል እንጂ፣ አባቴ። ሹሙን ይጠይቁት።»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?»

«ያኛው የእሳት ነዋ።»

«የሰውስ የታለ?»

ሴትዮዋ ጥያቄው አልገባትም። እጁ ላይ ያለውን ቅል ጠቆመችው። «እሱ ነዋ።»

ዳኛው ሌላ ቤት አስጠየቀ። ያው ውሃ መጣ። ሦስተኛ ቤት አስጠየቀ። የሦስተኛው ቤት ሰውዬ ቅሉን ከማቀበሉ በፊት ጋኑን፣ ማኅተሙ አለመነካቱን አሳየው። በዚያ አገር ለምነው ያስመጡትን ውሃ መመለስ ነውር ነው። ዳኛው የመጀመሪያውን ቅል እስከ አተላው ጠጣው። ከዚያ ተነሣ።

ሄዶ መጋዘኑን ከፈተ። አንድ ረጅም ደረቅ ቀርከሃ መርጦ ትከሻው ላይ አደረገ። ሰዉ «ፈረደለት፣ ሊሠራለት ነው» ብሎ ተከተለው። ዳኛው ግን በተቃጠለው ቤት አጠገብ አልፎ ሄደ። ሰፈሩን ጨርሶ ፈፋው አፋፍ ላይ ደረሰና ቀርከሃውን ጫፉን ወደ ምንጩ አድርጎ መሬት ላይ አጋደመው።

«ይሰንጠቅ» አለ። «አንጓው ይጽዳ። ባላ እያቆማችሁ እዚህ ፈፋ ላይ አሸንዳ ዘርጉ። ውሃው ይምጣ።»

ሹሙ እየሮጠ ደረሰ። «አባቴ፣ ይህ የቃጠሎ ቀርከሃ ነው እኮ። ለቤት ያዋጣነውን ለጉሮሮ?»

«እሳት ሲነሣ በምን ልታጠፋው ነበረ?»

«በጋኑ።»

«ጋኑን ማን ጠጣው?»

«ይህ ሰው ነዋ፣ እሱ ራሱ አመነ።»

«አንድ ሰው አንድ ጋን ጠጣ» አለ ዳኛው። «ዞር ብለህ ሰፈሩን እይ። ይህን ሁሉ ሰው ደግሞ ጋኑ ጠጣው።»

ያ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ወደ ፊት ወጣ። «የኔስ ቤት?» አለ።

መጋዘኑ እንደነገርኩዎት ተራቁቶ የከረመ ነው። ያለው ቀርከሃ ወይ ለአንድ ቤት፣ ወይ ለአሸንዳው ነው የሚበቃው። ለሁለቱ አይበቃም። ዳኛው ይህን አልደበቀውም።

«ለቤትህ ከሰጠሁህ» አለ፣ «በራፉ ላይ ጋን ታስቀምጣለህ፤ ልጅህም ከኩሬው ትጠጣለች፤ ስትታመም ትከፍተዋለህ። እንደገና እዚሁ እንገናኛለን። ‹ጋን ሙሉ› ብዬ ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከየት ይሞላል ብዬ ያልጠየቅሁትም እኔ ነኝ። ክረምቱን እኔ ቤት ትገባላችሁ። በጋ ሲወጣና አዲስ ቀርከሃ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚቆመው ያንተ ቤት ነው።»

ሰውዬው ደስ አላለውም። ቤት ለምኖ የመጣ ሰው «ቆይ» ሲባል ደስ አይለውም። ሚስቱ፣ «በሰው ቤት ክረምት አያልቅም» አለች፤ እውነቷን ነው፤ ኋላ ከዳኛው ሚስት ጋር ባንድ ምድጃ ምክንያት ተኳርፈው ነው ነሐሴን ያሳለፉት። ሰውዬው ልጁን አየ፣ ምንጩን አየ። ከዚያ የተጋደመውን ቀርከሃ በአንድ ጫፉ አነሣና፣ «በሉ መጥረቢያ አምጡ» አለ።

ውሃው ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ደረሰ። የጋኑም ደንብ ተለወጠ። ጋኑ በራፍ ላይ ይቆያል፤ ግን አይታተምም። ሰው ይጠጣበታል፤ ሲመሽ ይሞላል። የመዋጮውም ደንብ ተለወጠ። ቀርከሃ ውሃ ሲመላለስበት ይበሰብሳልና፣ እያንዳንዱ አባወራ ወደ መጋዘኑ ከሚያስገባው ሸክም ላይ ጥቂት ዘንግ እየተቀነሰ ለአሸንዳው መጠገኛ ሆነ። ታች ሰፈርም ይቀነስበታል፤ እሱ ከአሸንዳው አንድ ጠብታ ባይጠጣም። አጉረመረሙ፤ ማጉረምረም መብታቸው ነው።

እሳት ቀረ ብዬ አልዋሽዎትም። በሚቀጥለው በጋ፣ ላይ ሰፈር አንድ ቤት ነደደ። ታች ሰፈር ያለው ያ ሰውዬ «ይኸው፣ አሸንዳችሁ ምን ፈየደ?» አለ። ነገር ግን ከዚያ በፊት አንድ ቤት ሲነድ ከጎኑ ያለውንም ይዞ ነበረ የሚሄደው። በዚያ ቀን ግን ሰዉ ከአሸንዳው አፍ እየቀዳ የጎረቤቱን ክዳን አራሰው፤ እሳቱ አንድ ቤት በልቶ ቆመ። መጋዘኑ የከፈለው ለአንድ ቤት ብቻ ነው። ታች ሰፈር ያለው ሰውዬ ያንን አልቆጠረውም፤ ያልተቃጠለ ቤት ማን ይቆጥራል።

እንግዲህ ወደርስዎ ልመለስ፣ እትዬ አልጋነሽ። የርስዎ ቤት እንደ ታች ሰፈር ነው፤ ቧንቧው ጓሮዎ ውስጥ ነው፤ መድንዎም ተሟልቷል። የመድኑ ካዝና ያ መጋዘን ነው። ላይ ሰፈር ደግሞ ቧንቧ ያልደረሰው ቀበሌ ነው፤ እዚያ ያለ ሰውም እንደርስዎ ቤቱን መድን አስገብቷል፤ «ውሃ አጠራቅም፣ ቤትህን ጠብቅ» የሚለው የመድኑ ውል ግዴታ እሱንም ይይዘዋል። ክልሉ እንደዚያ ዳኛ ዳገቱን ወጥቶ ከዚያ ውሃ ይቅመስ አይቅመስ እኔ አላውቅም። ደንቡም እንከን የለውም አልልዎትም፤ የተቀነሰው በእርግጥ አሸንዳ መሆኑን ሄደን ማየት የኛ ፋንታ ነው፣ ካልሆነም እርስዎ ሲጮሁ እኔ ከጎንዎ ነኝ።

ለማላውቀው ሰው ጉሮሮ ነው ያሉት ግን ትክክል ነው፤ አልከራከርዎትም። ውሃ የሌለው ሰው ቤቱን ጠብቅ ቢሉት አይችልም፤ ልጁን ነው የሚጠብቀው። እርስዎም እንደዚያው ያደርጋሉ፤ እኔም። እኛ ደግሞ በጋኑ መጉደል ልንፈርድበት እንሰበሰባለን፤ ፍርዱም በደንቡ ልክ ይሆናል፤ ከፍርዱ በኋላ ግን አንዳችን የሌላውን ዓይን ማየት ያቅተናል። ከመዋጮዎ የሚቀነሰው ለዚህ ነው፣ እትዬ። ያ ሰው ከልጁና ከቤቱ አንዱን እንዳይመርጥ ነው የሚከፍሉለት።